ተቀባይ ያጣው ዘፈን

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ቁጭ በሉና አድምጡኝ። የከበሮ ዘፈናችን ሩምባ በአቀንቃኙ ጉሮሮ ብቻ የሚቆም እንዳይመስላችሁ። ተቀባይ ከሌለ አቀንቃኙ ባዶ ነው። እኔ ቂሜን የተወጣሁት በዚሁ ነው።

ወንድሜ ፎርቱናቶ እዚሁ ማታንሳስ ወደብ የስኳር ጆንያ ተሸካሚ ነበር። እናታችን በሞተች ሳምንት ዘፈን አወጣላት። ከበሮ ስላልነበረን የዓሣ ሳጥን ገልብጦ እየመታ፣ እኔ እየተቀበልኩት፣ በዚህ ግቢ አወጣው። ጎረቤታችን ባሲሊዮም አጠገባችን ተቀምጦ ማንኪያ ያንኳኳ ነበር። ከዚያ ባሲሊዮ ሃቫና ሄደና "ለሟች እናቴ ያወጣሁት" ብሎ በሬዲዮ ዘፈነው። የእሱ እናት እኮ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ገበያ ላይ ሙዝ ትሸጥ ነበር!

ፎርቱናቶ በዘፈነው ቁጥር እንግዳ ሰው "የባሲሊዮን ዘፈን አሳምረህ ትጫወታለህ" ይለው ጀመር። አፉን ዘጋ። ሰባት ዓመት አልዘፈነም። በኋላ ሳንባው ታመመ፤ እኔም ሳይሞት ዘፈኑን ላስመልስለት ማልኩ።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ግቢው ሩምባ ላይ እያለ፣ ፎርቱናቶም ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባሲሊዮ ነጭ ሱፍ ለብሶ ከች አለ።

"ዶሚቲላ እህቴ! አንቺ አታረጂም እንዴ?"

"አንተን ስጠብቅ ለማርጀት ጊዜ አጣሁ።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

የተቀባዮቹ መሪ እኔ ነበርኩ። ወደ እነሱ ዞር ብዬ "እሱ ሲዘፍን ማንም አፉን እንዳይከፍት" አልኩ። ከበሮውን ግን አላስቆምኩም፤ ከበሮ ከቆመ በእሱ ያሳብባላ።

ባሲሊዮ የእናቴን ዘፈን አነሳ። ግጥሙን ጨርሶ ለእኛ ሰጠን። ዝም። ደግሞ ሰጠን። ዝም። ከበሮው ይመታል፣ አርባ ሰው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። በሦስተኛው ራሱ አውጥቶ ራሱ ሊቀበል ሞከረ።

"ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" አለች አንዷ አሮጊት። ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

"ዶሚቲላ፣ ተቀበሉኝ እንጂ! ምን በደልኩሽ?"

"ዘፈኑ የማን እንደሆነ ተናገርና እንቀበላለን።"

መሬት መሬት አየ። "የፎርቱናቶ ነው" አለ በለሆሳስ።

"ከበሮው ጮኸብኝ፤ አልሰማሁም።"

"የፎርቱናቶ ነው! ለእናቱ ነው ያወጣው!"

ያን ጊዜ ወንድሜ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በዚያ በቀጠነ ድምፁ ጀመረው። ግቢው በሙሉ ተቀበለው። ባሲሊዮ ሹልክ ሊል ሲል እጅጌውን ያዝኩት።

"የት አባህ! ተቀበል።"

እያለቀሰ ተቀበለ። አልራራሁለትም፤ ዛሬም ሲታወሰኝ ደስ ይለኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፎርቱናቶ በወሩ አረፈ። እናንተ ልጆቼ፣ ያን ዘፈን የትም ብትሰሙት አብራችሁ ተቀበሉ፤ ግን የማን እንደሆነ አደራ አስታውሱልኝ።