በቅበላ የተከፈተ ግቢ

የውሻ መጠለያ በቅበላ ሰሞን የሚከፍት ሰው ሞኝ ነው። ሞኟ እኔ ነኝ።

ስምንት ዓመት ኩዌት ሠርቼ ደብረ ታቦር ስመለስ ሰው ሁሉ ወርቅ ይጠብቅ ነበር። እኔ በመጣሁ በወሩ ከመናኸሪያው ጀርባ እግሯ የተሰበረ ውሻ አቅፌ ታየሁ። ማሬ አልኋት። እናቴ "የሺ ልጄ፣ ምነው ፍየል እንኳ ብታመጪ!" አለችኝ። ጥር ሲያልቅ ውሾቹ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሁለት ሰዎች ያለ ደመወዝ ያግዙኛል። አንዷ ዙለይካ ናት፤ ኩዌትም አብራኝ ነበረች። ውሻ የላሰውን እጇን ሰባት ጊዜ ስለምትታጠብ ውኃችንን የምትጨርሰው እሷ ናት። ሌላው ደጀን ነው፤ ከሆሳዕና መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር ጴንጤ።

ግቢው የአያ ገብረ ማርያም ነው። በጋፋት መንገድ ያለ አሮጌ የከብት በረት ነበር። በነጻ ሰጡን፤ ግን ቃል አስገብተው።

"እስከ ፋሲካ ልያችሁ" አሉ። "በረሃብ ካስጮኻችኋቸው ወይ በግቢዬ ነውር ከሠራችሁ፣ በፋሲካ ማግስት አጽድታችሁ ትወጣላችሁ።"

ቅበላ ነውና ማን ፈርቶ! አገሩ ሁሉ ሥጋ ላይ ነው፤ ሥጋ ቤቶቹ አጥንት በጆንያ እየሞሉ ይሰጡናል። ደጀን በወረቀት አስልቶ "እንዲያውም ይተርፈናል" አለ። እሱ አይፈረድበትም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ሁዳዴ የጾምሁ ሴት፣ ከቅበላ ቀጥሎ ሰኞ የሚባል ቀን እንዳለ ረሳሁት።

ሰኞ ጠዋት ጆንያዬን ይዤ ስሄድ የማውቃቸው ሥጋ ቤቶች በሙሉ ተዘግተዋል። ሃምሳ አምስት ቀን! መንገድ ላይ ቆሜ በራሴ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አለቀስሁ። ሐሙስ ዕለት ውሾቹ ሽሮ የነካውን ድርቆሽ እያሸተቱ መጮኽ ጀመሩ። አያ ከአጥሩ ማዶ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ፈራሁ። እነዚህ ውሾች ወደ መንገድ ከተመለሱ የሚጠብቃቸው ወይ መኪና ነው ወይ መርዝ።

መላ ያመጣችው ዙለይካ ናት። አጎቷ የሙስሊም ሥጋ ቤት አላቸው። ዘንድሮ ረመዳኑም ከሁዳዴው ጋር ተያይዞ ቢገባም፣ ለማፍጠሪያው ሾርባ ሥጋ ይሸጣሉ፤ አጥንት ይተርፋቸዋል።

"ግን ጆንያውን አንቺ ተሸከሚ" አለችኝ። "ውኃ ሳልጠጣ ውዬ እሱን ብሸከም መንገድ ላይ ነው የምወድቀው።"

ተሸከምሁ። የክርስቲያን ልጅ፣ በሁዳዴ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት፣ አጥንት በጆንያ! ጎረቤታችን ዝናሽ ከወፍጮ ስትመለስ አየችኝ። ዝናሽ አይታ ዝም ያለችው ነገር የለም። እኔ ግቢ ሳልደርስ ወሬው ደረሰ፤ የሺ ጾም ገደፈች ተባለ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አያ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ውሾቹ ጮኹባቸው። እኔ አፍንጫዬን በነጠላ፣ ዙለይካ በሻርፕ ሸፍነን ትልቁን ድስት እናማስላለን።

"የሺ! በእኔ ግቢ፣ በዐቢይ ጾም፣ ሥጋ?"

"ለነሱ ነው አያ። እኔ ገና ውኃም አልቀመስሁ።"

"አንቺስ?" አሏት ዙለይካን።

"እኔም ጾመኛ ነኝ አያ፤ እስከ መግሪብ።"

ድስቱን አዩ፤ እኛን አዩ። "ታዲያ መብሰሉን ማን ይቀምሳል?"

ሁለታችንም ወደ ደጀን ዞርን። ጥግ ላይ ማንኪያ ይዞ ቆሟል።

"እኔ ነኝ አባቴ" አለ እያፈረ። "ትንሽ ጨው አንሶታል።"

አያ ዱላቸውን ተደገፉ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ ለካ ሳቅ ነው።

"ሁለት ጾመኛ ሥጋ ይቀቅላል፤ መምህሩ ለውሻ ጨው ይለካል! ይህን ሳላይ ሞቼ ቢሆንስ ኖሮ!" ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ። ስለ ግቢው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየዕለቱ በዘጠኝ ሰዓት እየመጡ በሩ ላይ ይቆማሉ። "ቀመስኸው?" ይሉታል ደጀንን፤ ስቀው ይሄዳሉ። ኢድ አልፎ ዙለይካ መቅመስ ስትችል እንኳ ሹመቱን ከደጀን ማንም አልነጠቀውም። ውሾቹም ጩኸታቸውን ትተው፣ አያን ሲያዩ ጭራቸውን መቁላት ለመዱ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኛዎቹ በበሉበት ዝም አሉ።

ፋሲካ አለፈ። በማግስቱ አያ በጠዋት መጡ፤ ፊታቸው አልተፈታም።

"አላጸዳችሁም" አሉ።

"አያ፣ እኛ እኮ..."

"ቃል ቃል ነው። አጽዱ!"

ማሬን አቅፌ እንባዬ መጣ። ዙለይካ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ደጀን መጥረጊያውን አነሣ። በዚህ መሐል በሩ ላይ ጋሪ ቆመ፤ ሁለት አናጺዎች ቆርቆሮ ያወርዱ ጀመር።

"ይህ ሁሉ አጥንት ተበትኖ ሰዎቹ መሰላሉን የት ያቁሙት?" አሉ አያ። "ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ ይምቱላቸው እንጂ!"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በዱላቸው ገፋ አድርገው ከለከሉኝ። ከጋቢያቸው ሥር የፋሲካ በጋቸውን አጥንት የያዘ ፌስታል አወጡ።

"ይልቅ ድስቱን ጣጂ" አሉኝ። "ዛሬ የምቀምሰው እኔ ነኝ።"