የበለስ ቅጠል ዘይት

አርጊሮ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው ከወይራ ዘይትና ከቅጠላ ቅጠል በምትሠራው ሳሙናና ቅባት ነው። እዚህ በግሪክ ሌሮስ ደሴት ላይ ከእሷ ያልገዛ ቤት የለም። እኔም ጎረቤቷ ነኝ፤ ያለ እሷ ቅባት ክረምትን አልፌ አላውቅም።

ሐምሌ ላይ፣ እዚህ ፀሐይ በሚበረታበት ወር፣ የወንድሟ ልጅ ዛምቤታ መጣች። ሰርጓ ተቃርቧል።

«አክስቴ፣ ይሄ ትከሻዬ ከነጭ ቀሚስ ጋር ሊጥ መሰለብኝ። ድሮ ሴቶቹ የበለስ ቅጠል ተቀብተው ነበር አሉ ፀሐይ ላይ የሚጠቁሩት። ሥሪልኝ እስቲ።»

«እኔ ሳልሞክረው ለሰው አልሰጥም።»

«ቅጠል እኮ ነው! አዳምና ሔዋንስ ለብሰውት የለ?»

«ለበሱት እንጂ መች ተቀቡት? አንቺ ለፍላፊ!»

አርጊሮ ቅጠሉን ወቅጣ፣ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ ክንዷን ተቀባች። እጅጌዋን እንዳወረደች ጓዳ ውስጥ ሳሙና ስትቆርጥ ሰነበተች። አላሳከካት፣ አላቀላት። ብልቃጡን ለልጅቷ ሰጠቻት።

ዛምቤታ ተቀብታ ባሕር ዳር ዋለች። በነጋታው ትከሻዋ ቀላ፤ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። ሐኪሙ አይቶ፣ «ከበለስ ቅጠል የሚወጣው ወተት ጥላ ውስጥ ዝም ይላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ነው እንደ እሳት የሚያቃጥለው» አላቸው። ቁስሉ ይድናል፣ ጥቁር ምልክቱ ግን ለወራት ይቆያል።

የዛምቤታ እናት ፎቲኒ አርጊሮ ደጃፍ ላይ ቆማ ጮኸች። «ልጄን መሞከሪያ አደረግሻት!»

«በራሴ ላይ ሞክሬው ነበር» አለች አርጊሮ። «ግን እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። እሷ ፀሐይ ላይ እንደምትቀባው እያወቅኩ አላሰብኩትም።»

የሰርጉ ዕለት አርጊሮ በሯን ዘግታ ቀረች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሊደወል ሲል በሩ ተንኳኳ፤ ሙሽራዋ ናት፤ ትከሻዋ በስስ ነጠላ ተሸፍኗል።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«በምን ፊቴ?»

«ጥቁረት አልነበር የለመንኩሽ? ይኸው ሰጠሽኝ። አሁን ጫማሽን አድርጊ።»

አርጊሮ እያለቀሰች ጫማዋን አጠለቀች።

ከዚያ ወዲህ ከሎሚና ከብርቱካን ልጣጭ የምትሠራቸውን ቅባቶች ሁሉ ከመደርደሪያ አወረደችና እነሱም ፀሐይ ላይ ያቃጥሉ እንደሆነ ለማስመርመር ወደ አቴንስ ላከች። መልሱ እስካሁን አልመጣም። ደንበኞቿ «ተፈጥሮ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው?» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ግን ሳሙናውን እየጠቀለለች፣ «እሱን ገና አላወቅኩም» ትላቸዋለች።