የደረቀው ጀሪካን

ፈርሚ አሉኝ፤ አልፈርምም አልኩ።

ደብዳቤው የሚለው ይሄን ነው፤ እኔ የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ባክቴሪያ የሚያድግባቸውን ሳህኖች በደንብ ሳላለቀልቅ ሳሙና ስለተውኩባቸው ባክቴሪያዎቹ አልቀዋል። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያዬ ነው፤ ከፈረምኩ ከሥራ እሰናበታለሁ። የመጀመሪያው አምና ከጥበቃው ጋር ስጣላ የተሰጠኝ ነው። የዚያኛው ጥፋት የእኔ ነበር፣ ፈርሜያለሁ። ይሄኛው ግን የእኔ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት አጥቤያለሁ። ጣቴን ሳሻሽበት ሲጥ ያላለ ሳህን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ባክቴሪያዎቹን የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተሯ ያመጧቸው ከተዘጋው የባትሪ ፋብሪካ ጀርባ ነው። እዚያ አፈሩ ካድሚየም በሚባል ብረት ተመርዟል፤ አንድ ሣር ብቻ ለምልሞ ይታያል። ሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች መርዙን ይችሉታል፣ ሣሩንም የሚያግዙት እነሱ ናቸው። ዶክተሯ ባክቴሪያዎቹ እንዴት እንደቻሉት ለማወቅ መርዝ በተቀላቀለበት ምግብ ላይ ያሳድጓቸዋል። ባክቴሪያዎቹን ለረዳታቸው ትተው ሦስት ወር ለሌላ ሥራ ሄደው ሲመለሱ መርዙ ላይ አስቀምጠው ሞከሯቸው። አንድም አልበቀለም።

ቀድሞ «ሳሙና ነው» ያለው ረዳታቸው ነው። እኔ መነጽሩ እለዋለሁ፤ ሲጨንቀው መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል።

«መርዝ በሌለበት ሳህን ላይማ በቅለዋል። እሱንስ ያጠበው ማነው?» አልኩት።

«መርዝና ሳሙና ሲደራረብ ነው የሚከብዳቸው» አለ። መልሱ አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት።

«ይቅርታ ጠይቂና ይተዉሽ» አለኝ። «አንቺ ከግድግዳም ጋር ትከራከሪያለሽ።»

«ግድግዳው ከዋሸ እከራከረዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መነጽሩ ማጠቢያ ክፍል መጣ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ረግጦ አያውቅም።

«እማማ፣ ዛሬ ሥራ በዛ?»

«እማማህ እቤትህ ናት። ምን ጠፋብህ?»

«ምንም፤ እንዲሁ ነው።» ዓይኑ ግን ማዕዘኑን እየፈተሸ ነበር። እዚያ ያለው አንድ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነው።

እንደወጣ ጀሪካኑን አነሳሁት። መርዝ የነካው ሳህን ግርጌው ላይ ቀይ ምልክት አለበት፤ የመጀመሪያው እጣቢው ወደ ቧንቧ አይደፋም፣ እዚያ ጀሪካን ውስጥ ይጠራቀማል። በየወሩ ሞልቶ ይወሰድ ነበር። አሁን ቀለለኝ። ስገለብጠው ጠብ የሚል የለም፤ አፉ ላይ ሸረሪት ድር አድርታለች። ያኔ ገባኝ። ስንት ጊዜ ሆነኝ ቀይ ምልክት ያለበት ሳህን ካጠብኩ?

ተሸክሜው ወጣሁና ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ደብዳቤዬ ላይ።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«የቀዮቹ ሳህኖች እጣቢ መያዣ ነው።»

«ባዶ ነው እኮ።»

«እኔም እሱን ነው የምልዎት። እርስዎ ከሄዱ አንድ ቀይ ሳህን አልወረደልኝም፤ የአሁኖቹም ገና እርስዎ ጋ ናቸው።»

ዶክተሯ ጀሪካኑን ገልብጠው አዩት። ከዚያ መነጽሩን አስጠሩት።

«ሦስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ምን ዓይነት ሳህን ላይ ነበር ባክቴሪያዎቹን የምታዛውራቸው?»

መነጽሩን አወለቀ። «መርዝ የሌለበት ላይ... ቶሎ ስለሚያድጉ ነው።»

ዶክተሯ ለእኔ አስረዱኝ። መርዙን የሚያስችላቸው ጂን፣ የዘር መመሪያቸው፣ ቀለበት በመሰለች ትንሽ ነገር ላይ ነው ያለው፤ ለባክቴሪያው እንደ ሸክም ናት። መርዝ ሲጠፋ ሸክሙን የጣሉት ፈጥነው ይራባሉ፣ ሳህኑን እነሱ ይሞሉታል።

«ግን ግምት ነው» አሉ። «ሳይመረመር ደብዳቤው አይነሳም።»

ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ሲመረመር የሳህኖቹ ባክቴሪያዎች ቀለበቷ የላቸውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጡት ግን አላቸው፤ እኔ ባጠብኩት ሳህን፣ መርዙ ላይ በቀሉ።

ዶክተሯ ደብዳቤውን ሊቀድዱት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«አይቅደዱት። የእኔ አለመሆኑን ላዩ ላይ ይጻፉና ይፈርሙበት።»

ጻፉ፣ ፈረሙ። አጣጥፌ ከመታወቂያዬ ጋር ያዝኩት። መክበዱን ለማየት ጀሪካኑን አሁንም በየሳምንቱ አነሳዋለሁ። መነጽሩ በበሩ ሲያልፍ፣ እያየሁት ነው የማነሳው።