በስሜ የተቆፈረው ጉድጓድ

በዚያ ሳምንት መንደራችን ሴሜ ውስጥ መታመሜን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ረቡዕ ጠዋት የካሳቫ ማሳዬን ስኮተኩት ምራቴ አኬዮ ከኪሱሙ ከተማ መጣች። በአንድ እጇ የመድኃኒት ፌስታል፣ በሌላው ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ይዛለች። አጥሩ ጋ ደርሳ ስታየኝ ክው ብላ ቆመች።

«እማማ፣ ተነሡ እንዴ?»

«ከምን ልነሣ?»

«ከአልጋ ነዋ! ጎንበስ ቀና ማለት አቅቷቸዋል፣ ውሃ የሚያቀብላቸው እንኳን የለም ብሎኝ እኮ ነው ኦቦንዮ።»

እኔ ደግሞ ጎንበስ እንዳልኩ ነው ያገኘችኝ። እሷም መኮትኮቻዬን አየች፣ እኔንም አየች፣ ለስላሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም። ዳነችልኝ ብላ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ባለመሞቴ ነው የምታለቅሺ?»

«አይደለም እማማ። እርስዎ ካልታመሙ እኛ ለምንድን ነው እዚህ የምንመጣው?»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦንዮ ሁለተኛ ልጄ ነው። ኪሱሙ ካለ ብርድ ልብስ ፋብሪካ አሥራ አራት ዓመት ማሽን ላይ ቆሟል። ባለፈው ወር ባለቤቶቹ ፋብሪካውን ነቅለው ወደ ቲካ ሊያዛውሩ ሆነ፤ ከናይሮቢም ማዶ ማለት ነው። ማሽኖቹን እንደ አራስ ልጅ በሸራ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ አጃቢ መድበው ወሰዷቸው። ለሰዎቹ ግን አንዳንድ ወረቀት በተኑላቸው። የሚፈልግ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን የኩባንያውን ክፍል ይውሰድ፣ የማይፈልግ ራሱ ተከራይቶ ይኑር ነው የሚለው። ለቤት ዕቃ አንድ የጭነት መኪና ይሰጣሉ፤ ለአንድ ጊዜ፣ ወደ አንድ ቦታ። ወረቀቱ ላይ ዕቃው የት ይራገፍ የሚል አንድ መስመር አለ፤ እስከ ዓርብ ማታ ተሞልቶ መግባት አለበት። ቅዳሜ መኪናው ይመጣል።

ያችን መስመር ልጄ ምን ብሎ ሊሞላት እንዳሰበ አኬዮ ማሳዬ ውስጥ ተቀምጣ ነገረችኝ። እሱ ለብቻው ቲካ ሊሄድ፣ እሷና ሦስቱ ልጆች ሴሜ ሊራገፉ። እኔ ጋ። እኔ ታምሜ፣ አልቅሼ ስለጠራኋቸው።

«አለቀሰች ነው ያለሽ?»

«በስልክ አልቅሰው ለመኑኝ ነው ያለኝ።»

ስልኬ ከፋሲካ ጀምሮ ባትሪው ሞቶ ምሶሶ ላይ ተሰቅሏል። በምን ነው ያለቀስኩት? በነፋስ?

ቆይ ግን፣ የራሴንም ጥፋት ልናገር፤ የሰውን ብቻ እያወራሁ የራሴን አልሸሽግም። ሰኞ ዕለት የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ኦጉቱ ሁለት ጎረምሶች ይዞ መጥቶ ከግቢዬ በር በስተግራ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ነበር። የቤት ቋሚ የሚተከልበት ጉድጓድ። አጣናና ቆርቆሮም አራግፏል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ኦቦንዮ ቤት ሊሠራ ነው፣ ገንዘቡን ልኮልኛል» አለኝ። የግራው ጎን የሁለተኛ ልጅ ቦታ ነው። የቀኙ፣ የታላቁ የኦዴሮ ቦታ፣ እስከ ዛሬ ሣር በቅሎበታል፤ ኦዴሮ ሞምባሳ ወደብ ከሄደ ወዲህ እዚህ አንዲት እንጨት አላቆመም። ታላቁ ሳይሠራ ታናሹ በአባቱ ግቢ እንደማይሠራ ደግሞ ኦጉቱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ዶሮዎቼም ሳያውቁ አይቀሩም። ግን ዝም አልኩ። ልጄ ደጄ ላይ ቤት ሊሠራ ነው ስባል ልቤ ሞቀና አፌን ዘጋሁ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አኬዮን «ተነሺ፣ ባልሽን ጥሪው» አልኳት። «ነገ ይምጣ። እናትህን አጣድፏታል በይው፤ ውሸት እንደሆነ እሱም ይወዳል።»

ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ኦጉቱም ተጠርቶ መጣ፣ የራሱን ወንበር ተሸክሞ። የሰው ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ያሳንሰዋል መሰለኝ። ማንጎው ጥላ ሥር ወንበሩን አደላድሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ጀመረ።

«ነገሩ ያለቀ ነው። ሴት ልጅ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትንከራተት ትበላሻለች። ልጆቹም አገራቸውን አያውቁ፣ ቋንቋቸውን አያውቁ። ቤታቸው እዚህ ነው። ለዚያውም አሮጊቷ ታማለች።»

«አሮጊቷ እዚህ ተቀምጣለች» አልኩት። «እሷንም ጠይቃት እስቲ።»

«አንቺማ ኩሩ ነሽ፣ አመመኝ አትይም።»

«ትናንት የኮተኮትኩትን ማሳ ሄደህ እይ። ሚስቶችህ ሁለት ሆነው በሳምንት አይጨርሱትም።» ወደ ልጄ ዞርኩ። «ኦቦንዮ፣ መታመሜን ማን ነገረህ?»

ጫማውን ያያል። አርባ ዓመት የሞላው ሰውዬ ጫማውን ያያል!

«እማዬ፣ ዕድሜሽም እኮ...»

«ዕድሜዬን አልጠየቅሁህም። ማን ነገረህ?»

«ማንም።»

አኬዮን አላስቻላትም። «አልቅሰው ለመኑኝ ያልከኝስ? ያን ሌሊት እኔ አብሬ አላለቀስኩም? መድኃኒት ልገዛ ሱቅ ለሱቅ ስዞር እያየህ ዝም አላልክም?»

«ታዲያ ምን ላድርግ!» ብሎ ጮኸ። «የኩባንያው ክፍል አይሆንም ያልሽው አንቺ ነሽ። ቲካ ማኮንጌኒ ሰፈር እንከራይ ብትይኝ ኪራዩ ደሞዜን ግማሽ ይበላል። እዚህ ኪራይ የለ፣ ውሃ አይገዛ፣ እማዬ አለች። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«የኩባንያውን ክፍል ለምን አይሆንም አልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ማንም አልጠየቃትም ነበርና።

ከሌሎች ሁለት የሠራተኛ ሚስቶች ጋር በአውቶቡስ ቲካ ድረስ ሄዳ አይታ መጥታለች። አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ከፋብሪካው ማሞቂያ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ቀን እንኳን እጅ አያስነካም። ለአሥራ ሁለት ክፍል አንድ መጸዳጃ፣ እሱም በር የለው። የሚኖሩበት ወንዶች ናቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣሉ። «አፖንዲ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው እማማ» አለች፣ ከዚያ በላይ አልጨመረችም። አፖንዲ የመጀመሪያ ልጇ ናት። ማኮንጌኒ ግን ሁለት ክፍል አግኝታለች። ውሃው በሁለት ቀን አንዴ ነው የሚመጣ፣ ትምህርት ቤቱ ግን መንገድ ማዶ ነው። ደግሞ የሐይቃችን ሰው እዚያ ሞልቷል፤ ኦሜና ዓሣውን የሚያመጣለት አጥቶ ከሩቅ ገበያ ነው የሚገዛው። አኬዮ ኪሱሙ ያችን ትንሽዬ ዓሣ እየሸጠች ነው ልጆቿን ያለበሰችው። እዚያም እንደምትሸጥ፣ ማን እንደሚልክላት ሳይቀር አስባ ጨርሳለች።

«ይኼን ሁሉ ነግረሽው ነበር?»

«ሦስት ጊዜ።»

ኦጉቱ በጉሮሮው አጉረመረመ። «ሴት አይታ መጣች ተብሎ ቦታ ይመረጣል? የት እንደሚያስቀምጣት ወንዱ ያውቃል።»

ይኼን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ለሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ደም ነው።

«እሺ ኦጉቱ» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አንተ ወግ አዋቂ ነህ። እስቲ ንገረኝ፣ ኦዴሮ ቤቱን የቱ ጋ ሠራ?»

ኦጉቱ ወደ ማንጎው ቅጠል አንጋጠጠ።

«በቀኝ በኩል ሣር ነው ያለው። ዓይኔ ደክሞ ይሆን? የጎረቤታችን የኦሎው ታናሽ ልጅ ታላቁን ቀድሞ ሲሠራ፣ ክዳኑን በገዛ እጁ ያስወረደው ማነው? ሚስቱ ከነአራስ ልጇ ዝናብ ላይ ስትቀመጥ፣ ወግ ወግ ነው ብሎ እዚህ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማነው?»

«ኦዴሮን በስልክ አስፈቅጄዋለሁ።»

«በስልክ ቋሚ ይተከላል?»

«እንግዲያው በአንቺ ቤት ትቀመጣለቻ!»

«እሺ ትቀመጥ። ባሏ በገና ሲመጣ የት ሊተኛ ነው? በእናቱ ጣራ ሥር ከሚስቱ ጋር? ነውር አይደል? ወይስ ማንጎው ላይ ልትሰቅለው ነው?»

አኬዮ እንባዋን ሳትጠርግ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ኦጉቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፤ ግን ቶሎ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። «ቀላል ነው። ኦዴሮን እሑድ እናስመጣዋለን። ጎጆ ቢጤ እንቀልስለታለን፣ አንድ ሌሊት ይተኛበታል፣ ወጉ ሞላ። ሰኞ የኦቦንዮን እንጀምራለን።»

እውነቱን ነው፣ እንዲህም ይደረጋል። በወጉ መንገድ ዘጋሁበት ስል በወጉ መውጫ አገኘ። ኦቦንዮም ቀና አለ፤ የዳነ መሰለው። ስለዚህ ወጉን ተውኩትና ዋናውን ነገር ተናገርኩ።

«ኦዴሮ ቢመጣም፣ አሥር ጎጆ ቢቀልስም፣ አልፈልግም። እኔ አልጠራሁም። ስሜን መልሱልኝ።»

«እማዬ...»

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም። አባትህ ኬሪቾ ሻይ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ እኔ እዚህ ተራግፌ ነበር። ያኔም እናቱ ታማለች፣ ሴት አገሯ ይሻላታል ነበር የተባለው፤ ይኸው የኦጉቱ አባት ነው ያለው፣ በዚሁ ዓይነት ወንበር ላይ ተቀምጦ። አባትህ ኒያንግዌሶ በዓመት ሁለቴ ይመጣል። ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ዳቦ። አራት ዓመትህ ላይ ከቀሚሴ ኋላ ተደብቀህ ምን እንዳልከኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ከየት ያውቃል።

«‹ይኼ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?› ነው ያልከኝ። አባትህ ሰምቶሃል። ተነሥቶ ወጣና ለዓይን እስኪይዝ ድረስ አጥር ሲጠግን ዋለ፤ ያልተበላሸ አጥር።»

ኦጉቱ እንኳን ዞሮ አጥሩን አየ፤ ወንድሙ ነዋ።

«የልጅ ልጆቼን አልፈልግም እንዳይመስላችሁ» አልኩ። «እፈልጋለሁ። ማታ ማታ ይህን ግቢ ከእኔና ከዶሮዎቼ ሌላ የሚንኮሻኮሽበት የለም። ብትጠይቁኝ ኖሮ፣ እውነት ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ፣ ምናልባት እሺ እል ነበር፤ እሱን ነው የምፈራው። እናንተ ግን አልጠየቃችሁኝም። አልጋ ላይ አስተኛችሁኝና በእኔ ላይ ቤት ልትሠሩ መጣችሁ። አንቺ፣ የአሌጎ አገር ልጅ፣ ወረቀቱን ይዘሻል?»

አኬዮ ከቦርሳዋ አወጣችው። ያች መስመር ባዶ ናት።

«ስጪው። ሚስቱ አይታ የመጣችውን ቦታ ይጻፍ። ካልጻፈም ‹እናቴ ታማለች› ብሎ ይጻፍና ውሸቱን ለፋብሪካውም ይንገር።»

ኦቦንዮ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ጻፈ። አኬዮ ከትከሻው በላይ አንብባ «ማኮንጌኒ» አለችኝ፤ ማንበብ እንደማልችል ስለምታውቅ፣ ቀስ ብላ።

«አሁን አጣናውና ቆርቆሮው ይሸጥ። የመጀመሪያውን ኪራይ ይችላል» አልኩ። «ኦጉቱ፣ ሰኞ ስታራግፍ ቆርቆሮው አሥራ ስድስት ነበር። ዛሬ አሥራ ሦስት ነው። ሦስቱ እግር አብቅለው የአንተ ላሞች በረት ላይ የወጡት እንዴት ነው?»

ተነሥቶ ወንበሩን አጠፈ። «አንቺ የኡዮማ አገር ልጅ፣ ምላስሽ አንድ ቀን ይገድልሻል» አለኝ።

«ታምሜያለሁ አይደል፣ ምን ቀረኝ?» አልኩት። ሦስቱ ቆርቆሮ ግን ዓርብ ጠዋት የቤቴ በር ላይ ተደግፎ ተገኘ፤ ማን እንዳመጣው ያየ የለም።

ቅዳሜ መኪናው ሲወጣ አልሸኘኋቸውም። ኪሱሙ ድረስ የሚያስኬድ እግር አለኝ፣ ግን ልጆቹ ከጭነቱ ላይ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ማየት አልፈለግሁም። ጉድጓዶቹ ውስጥ ሙዝ ተከልኩባቸው። ኦጉቱ ባለፈ ቁጥር ያይና ይተፋል።

አኬዮ ባትሪ ልካልኝ አሁን ስልኬ ይሠራል። ትናንት ኦቦንዮ ራሱ ደወለ። አማረረብኝ፤ ክፍሉ ይጠባል፣ ውሃው ሦስት ቀን ጠፍቷል፣ ከሥራ ደክሞት ሲገባ ልጆቹ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይጮሁበታል፣ ትንሹ ጫማውን ይደብቅበታል፣ አፖንዲ የቤት ሥራ ካላየህልኝ ትለዋለች፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

«በየቀኑ ነው?» አልኩት።

«በየቀኑ እማዬ! በየቀኑ!»

እሰይ። ይጩሁበት። አባቱ ኬሪቾ ለብቻው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ተኝቷል።