ሄልሜቱን ይዞ በእግሩ

"ሞተር? እኛ ጋ ምንም ሞተር የለም" አለ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው የፖስታ ቤቱ ዘበኛ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ። "እሱ እኮ በእግሩ መምጣት ከጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ እዚያው ፖስታ ቤት፣ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆሞ ዝናብ እንዳይመታው ብላ፣ የሚያመጣላት ሰው እየፈለገች ነው።

"በእግሩ?" አለች።

"አዎ በእግሩ። ሄልሜቱን በእጁ አንጠልጥሎ። እኛማ 'ፈረስህ የት ጠፋች?' እያልን እናበሽቀው ነበር። ይስቃል እንጂ አይመልስም።"

ዘበኛው ሻዩን ፉት አለ። ባሏ በየማለዳው ሄልሜቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ "ሌባ በዝቷል፣ ሞተሬን ጉልቤ ጋራዥ ነው የማሳድራት፣ ከዚያ ላንሳት" ብሎ ሲወጣ በር ድረስ ትሸኘው ነበር። ዳገቱ ላይ ወድቆ ተገኘ ሲሏትም ሞተሩን ቆም አድርጎ ሊያርፍ የወረደ፣ ሞተሩንም ባልደረቦቹ ወስደው ግቢያቸው ያስገቡት ነበር የመሰላት። ሄልሜቱ አጠገቡ ነበር ብለዋታል። ሞተር የሌለው ሰው ሄልሜት ምን ያደርግለታል?

የሟቹ ታላቅ እህት ጓዳው በር ላይ ቆማ ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማቻት። ማንሾካሾክ አታውቅበትም፤ ሳሎኑ ሁሉ ይሰማታል።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ ነው፣ ግን ሰው በባዶ ሜዳ ሦስት ሳምንት አይዋሽም።"

"ሰማሁሽ እትዬ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።"

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ዳቦ ሻጭ መጣችና ነገሩን አባሰችው። ሟቹ በየቀኑ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ያርፍ እንደነበር፣ ውሃ ትሰጠው እንደነበር እያለቀሰች ተናገረች። "ደግሞ 'አደራ፣ ሚስቴ እንዳትሰማ' ይለኛል።"

"ምኑን?"

"እኔ እንጃ እህቴ። ድካሙን መስሎኝ ነበር።"

እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። ልብስ ሰፊዋ ለቅሶዋ እንኳ ተደናገረባት። በር ድረስ ለምትሸኘው ባሏ ስታለቅስ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ እየመጣ ያቋርጣታል። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ ማን እንደነበር ከዘበኛና ከዳቦ ሻጭ መስማቷ አናደዳት፤ ሬሳን መቆጣት ደግሞ አሳፈራት።

ያቺ እሁድ ትዝ አለቻት። ወሩ ገና አልሞላም። ሰሞኑን ቶሎ እየደከመው ነበርና፣ እሱ ሳይነቃ ሞተሩን አጥባ፣ ወልውላ፣ እጀታው ላይ ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ዘይቷ ጎድሎ ስታገኛት ከጥግ ካለው ጣሳ ሞላቻት። እሱ ሁልጊዜ ከዚያው ጣሳ እየቀዳ ሞተሩ ላይ ሲሞላ አይታለች። ነቅቶ ሲወጣ ሥራዋን አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየ።

"ከየትኛው ነው የቀዳሽው?"

ጣሳውን አሳየችው። ሳቀና ግንባሯን ሳማት። "መካኒኬ!" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ስም አልጠራትም።

ብድግ አለች።

"ወዴት ነው?" አለች እትዬ።

"ጉልቤ ጋ።"

"ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ? ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ይበል፤ ሲል ነው የዋለው።"

ጉልቤ ነፋስ የሚያነሳው ቀጫጫ መካኒክ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለትም ሟቹ ነበር። ሁለቱን ቀን ለቅሶ ቤት መጥቶ በር ሥር ተቀምጦ፣ አንዴም ዓይኗን ሳያይ ነበር የሄደው። አሁን ጋራዡ በር ላይ ቆማ ሲያያት ገለል አለና አሳለፋት።

ሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማው ወልቆ ሣጥን ላይ ተደግፏል። አጠገቡ በተነጠፈ ጋዜጣ ላይ የፍሬኑ ብረቶች በተራ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ሥር በባሏ እጅ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ ይመስል ያበጡ ጥቁር የጎማ ቀለበቶች አሉ።

"የፊት ፍሬኑ ጎሚኒዎች ናቸው" አለ ጉልቤ። "ፍሬን የራሱ ዘይት አለው፤ እንደ ጣሳው ያለ የሞተር ዘይት ከነካቸው ያብጣሉ። ሲያብጡ ፍሬኑ ይይዝና አልለቅም ይላል።"

"እኔ ነኝ የሞላሁት።"

"አውቃለሁ። እሱም ያኔውኑ አውቋል።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"'እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፣ ቅስሟን አልሰብርም' አለኝ።"

አዲስ ፍሬን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ባሏ፣ ጉልቤ እንደነገራት፣ ከሥራ መልስ እየመጣ አሮጌውን ፈታው። የተጣበቀውን ፒስተን በጨርቅ ጠቅልሎ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ሲነፋው ተፈናጥሮ ወጥቶ ግድግዳውን መታው፤ እሱና ጉልቤ ወለሉ ላይ ተዘረሩ፣ እሱ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ከዚያ ዝገቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ጎሚኒው የሚገባበትን ስርጉድ በጥርስ ብሩሽ ጠረገው። ልብስ ሰፊዋ ብሩሹን አየችው። ሰማያዊ ነው። ስትፈልገው የሰነበተችው የራሷ ብሩሽ ነው።

"ጎሚኒዎቹ ብቻ ነበሩ የቀሩት" አለ ጉልቤ፣ ትንሽ ፖስታ ከኪሱ አውጥቶ። "ከሩቅ ነው ያዘዛቸው። በተቀበረ ማግስት ደረሱ። ምን ብዬ ላምጣልሽ?"

"ዳገቱን በእግሩ ያስወጣሁት እኔ ነኛ" አለች። "እኔ ነኝ የገደልኩት።"

"ሐኪሙ የቆየ የልብ በሽታ ነው ብሎ የለም?"

"ዳገቱስ?"

"ዳገቱን እንጃ" አለ ጉልቤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን እያየ። "እኔ የማውቀው ብረት ነው። አልዋሽሽም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። መጨረሻ ላይ ከፍሬኑ አየር ሲወጣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የፍሬኑን እጀታ ይጨብጣል፣ አንዱ ብሎኑን ይፈታል። ላግዝህ ስለው እምቢ አለኝ። 'ያን ቀን እሷን እጠራታለሁ፤ እያስጨበጥኩ እነግራታለሁ። እጇ ሥራ ላይ ስለሚሆን አትመታኝም' አለ።"

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረና የሞተሩን ወንበር ይዛ አለቀሰች። በዚህኛው ለቅሶ የሚያቋርጣት ሌላ ሰው አልመጣም።

"አምጣቸው" አለች ዓይኗን ጠርጋ።

ጎሚኒዎቹን በስርጉዳቸው ያስገባችው እሷ ናት፤ የልብስ ሰፊ ጣት ከጉልቤ ጣት ይሻላል። ብረቶቹን በባሏ ቁጥር ተራ ገጠሙ፣ ጎማውንም መለሱ። ፍሬን ዘይቱን የሚጨምር ሰው ሲፈልጉ፣ ተከትላት መጥታ በር ላይ የቆመችው እትዬ ገብታ የዘይቱን ጠርሙስ አነሳች።

"ይሄኛው ነው አይደል?" አለች። "እርግጠኛ ናችሁ?"

"ነው እትዬ።"

"እኔ እኮ ሌላ ነገር..." አለችና ሳትጨርሰው መቅዳት ጀመረች።

"ጨብጪ" አለ ጉልቤ ከታች። "ያዢው። እሺ፣ ልቀቂ። እንደገና።"

የፍሬኑ እጀታ መጀመሪያ እርጥብ ስፖንጅ ይመስል ባዶውን ገባ። ጨበጠች፣ ለቀቀች። እየቆየ መዳፏን መግፋት ጀመረ።

"በቃ፣ አየሩ አለቀ" አለ ጉልቤ ብሎኗን አጥብቆ። "ልቀቂው።"

እጀታው ከጣቶቿ ሥር ጠንክሮ ቆሟል።

"ልቀቂው እንጂ፣ ጨርሰናል እኮ።"

"ትንሽ" አለች።

ጉልቤ መፍቻውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ጠርጎ ሲጨርስም እንደጨበጠች ነበረች።