ታፍኖ የከረመ መርዶ

ማሩን የሰደበው ዶክተር እንዳልካቸው ነው። አምና፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ መካነ ብርሃን ሆስፒታል በር ላይ፤ ዘበኛው ሳይቀር ሰምቷል። የታናሽ ወንድሙ የአዘዘ ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ነበርና ማሩ፣ «ምነው ወደ ጎንደር አትጽፍልንም? ጉበቱን ሸጋ አድርገው ይዩልን» ቢል ዶክተሩ ሳቀበት።

«አያ ማሩ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ጉበት ያስተምራሉ እንዴ?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ተንከተከተ። ማሩ ከአራተኛ ክፍል የቀረው አባታቸው ሲሞት አዘዘን ለማሳደግ ነው። ከሚስቀው መካከል ይኸን ማን ይጠይቃል? ስድቡን ዋጠ፤ አልወረደለትም እንጂ። ያም ሆኖ የተማረ ያውቃል ብሎ ዶክተሩ በሰጠው ኪኒን አመነ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሐብተ ማርያምም፣ «ጠበሉን ያዙ፤ ጎንደር ጎንደር አትበሉ» አሉ። እሳቸውንም አመነ።

ዘንድሮ አዘዘ ደም ሲያስታውክ፣ ዶክተሩ ያኔ የነፈገውን ወረቀት ሳይለመን ጻፈው።

ጎንደር ላይ አዘዘን የመረመረችው ሐኪም ማሩን ለብቻው ጠራችው።

«አባባ፣ አምና ቢመጣ ለሐኪሞች ቦርድ አቅርበን ወደ ውጭ አገር ለማስላክ እንሞክር ነበር። እዚያ ከጤነኛ ወንድም ጉበት ቆርጠው ይተክላሉ።»

«ከኔ?»

«ከእርስዎ። የተቆረጠውም መልሶ ያድጋል። አሁን ግን ካንሰር ሆኖ ተሰራጭቷል።»

ማሩ የቀኝ ጎኑን ዳበሰ። ሙሉ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም።

«አምና ማን አውቆት፣ ልጄ?»

«ሐኪማችሁ ያውቅ ነበር እኮ! ስደውልለት፣ ለቤተሰቡ ነግሬያለሁ አለኝ።»

ማኪናው መካነ ብርሃን ሲያወርዳቸው ዶክተሩና ቄሱ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ማሩ አዘዘን ጥላ ሥር አስቀምጦ ወደነሱ ሄደ።

«ለየትኛው ቤተሰብ ነው የነገርኸው?»

«ለቄሱ ነዋ!» አለ ዶክተሩ። «የአገራችሁ ልማድ አይደል? ክፉ ወሬ ለሽማግሌ ነው የሚነገር። ቀን መርጠው ይነግሩሃል፤ ያኔ ወደ ጎንደር እጽፋለሁ ብዬ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን አገላበጡ። «ልጄ ማሩ፣ ብንነግርህ በሬህን ሸጠህ፣ ሆድህን አስቀድደህ ትሄዳለህ። ሁለት ቤት ከሚዘጋ አንዱ ይዘጋ ብለን ነው። ጎረቤቱም ተማክሮበታል።»

ጎረቤቱም! ዓመት ሙሉ «አዘዘ እንዴት ዋለ?» እያለ ደጁን የረገጠው ሁሉ መርዶውን በብብቱ ይዞ ኖሯል። ሰው ሲሞት እንኳ መርዶ በማለዳ ይነገራል፤ አዘዘን ግን በቁሙ አልቅሰው ጨርሰውታል። የሚሰጠው ጉበት ያለው እሱ ማሩ ነበር፤ ያልተጠየቀም እሱ ብቻ።

«አያ ማሩ!» አለ ዶክተሩ፤ አሁን አልሳቀም። «ስደበኝ እንጂ! የሆነ ነገር በለኝ!»

ማሩ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ጥላው ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ፣ ልጅ ሳለ ያዝለው እንደነበረው፣ አዘዘን አዘለው። ቀለለው። ነጠላውን በላዩ ጣል አድርጎ የቤቱን ቁልቁለት ተያያዘው።