ድጋሚ የተባለው ፊት

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል። "ፎቶ እሰበስባለሁ" ስል "ፎቶ አንሺ ነሽ?" ይሉኛል። አይደለሁም። አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮትና አንድ ወረቀት የሚበላ ማተሚያ ባለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው ያነሳውን በጅምላ እለቅማለሁ። ደንበኛ ይመጣና "ሁለት ሺህ የሚያዛጋ ሰው ስጡን" ይላል፤ ማዛጋት ምን እንደሆነ ለማሽን ሊያስተምር ነው። እኔ ቃላት ደርድሬ ለአንድ የኢንተርኔት አገልግሎት እልካለሁ። አገልግሎቱ በእኔ ፈንታ ምስል ፍለጋ ውስጥ ገብቶ፣ ለአንድ ጥያቄ መቶ ፎቶ ከነተገኘበት ገጽ አድራሻ ጠርጎ ያመጣልኛል። ሁለት ሺህ የሚያዛጋ ሰው ያየሁ ቀን ራሴ እያዛጋሁ ነው ቤት የገባሁት።

ታናሽ ወንድሜ የጠፋው እዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ነው። በያጅ ነበር። የሠፈሩ ሰው "ብልጭታ" ብሎ አወጣለት፤ እኛም ለመድነውና በዚያው ቀረ። ለግንባታ ሥራ ሌላ ከተማ ሄደ። ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። አሠሪው "ለቆ ሄዷል፣ የት እንደገባ አላውቅም" አለን። ፖሊስ መዘገበ፤ ዘመድ አዝማድ አቅሙ የፈቀደውን ያህል አፈላለገ። የበላው ጅብ አልጮህ አለ።

ቢሮአችን ለወሩ የተፈቀደለት የጥያቄ ብዛት አለ። ያልተጠቀሙበት ወሩ ሲያልቅ ይቃጠላል። አለቃችን ቁጡ ቢሆንም ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ቀን የወንድሜን ነገር ሰምቶ "የተረፈውን በወሩ መጨረሻ ከሰዓት በኋላ አንቺ ውሰጂው፤ ከሚቃጠል ለነፍስ ይሁን" አለኝ። ከዚያ ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ በየወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ሰዎቹ ቦርሳቸውን ሲያነሱ እኔ ቃሎቼን እደረድራለሁ። መጀመሪያ የጻፍኳቸው ደህና ቃላት ነበሩ። በያጅ። የግንባታ ሠራተኞች። የብረታ ብረት ምርቃት። እየቆየሁ ስሄድ እስረኞች ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የመንገድ ዳር አዳሪዎች። ከዚያ ሆስፒታል፣ ማንነቱ ያልታወቀ። የመጨረሻውን ቃል የጻፍኩ ቀን ሦስቴ ነው የተሳሳትኩት።

ጥርጣሬ የገባኝን ፎቶ በስልኬ ይዤ ለእማዬ እወስዳለሁ። እማዬ ፊት አታይም፤ ጆሮ ነው የምታየው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ስልኩን አርቃ ይዛ፣ "አይደለም፣ የኔ ልጅ ጆሮ ልጥፍ ነው" ትላለች። ቀጥላ ደግሞ ለማታውቀው ሰው ማዘን ትጀምራለች። "ይሄኛውንስ ማን ይፈልገው ይሆን? ከስቷል እኮ።" እኔ ልቤ እየነደደ፣ እሷ ለሰው ልጅ ስታዝን ታመሻለች።

"ዛሬ ስንት አየሽ?" ትለኛለች።

"አራት ሺህ።"

"ከአራት ሺህ ሰው መሀል አንድ የኔ ልጅ ይታጣል?"

ሌላ ፎቶ ከፍቼ ስልኩን መልሼ ሰጠኋት።

ፎቶው ግን ከዓይን በላይ ሆነ። በተለይ አንድ ሄልሜት አድርጎ የሚስቅ የማስታወቂያ ሰውዬ አለ፤ ምን ብዬ ብጽፍ ይመጣል። በአንድ ከሰዓት ሁለት መቶ ጊዜ ሳቀብኝ። ያን ሰሞን ፕሮግራመራችን ለአንድ ደንበኛ ማጣሪያ ሠርቶ ነበር። ደንበኛው "አንድ ሰው አንድ ፎቶ ብቻ፣ ድጋሚ አንፈልግም" ብሎ ስለነበር፣ ማጣሪያው የሚመጣውን ፊት ሁሉ "ያሉን" በሚል ፎልደር ውስጥ ካሉት ፊቶች ጋር ያስተያያል፤ አዲስ ሲያገኝም እዚያው ይጨምራል። ፕሮግራመሩን ለእኔም እንዲጭንልኝ ለመንኩት።

"ምንድን ነው የሚያደርገው?" አልኩት።

"ፊት ከፊት ያወዳድራል" አለኝ፣ ምሳውን እያላመጠ። ሌላ አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሌላ አልነገረኝም።

ያወዳድራል ካለ ወንድሜን ይፈልግልኛል ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት። እንደዚያ ነው የገባኝ። ቤት ካሉን ፎቶዎች ጥርት ያሉትን አሥራ አንድ መርጬ፣ ቅንድቡ ላይ ብልጭታ ያቃጠለው ጠባሳ የሚታይበትንም ጨምሬ፣ በገዛ እጄ "ያሉን" ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀለለኝ። የማስታወቂያው ሰውዬ መሳቁን ተወ። አራት ሺህ የነበረው ወደ ሺህ ወረደ። "ተመስገን፣ ዓይኔ አረፈ" አልኩ።

ባለፈው ወር አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት ነው፣ አንድ ደንበኛ ስልክ ደውሎ ጮኸብን። ናሙና ብሎ የላከልን ሰዎች፣ ከሰበሰብንለት ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ነካካና በሳቅ ፈረሰ።

"ናሙናውን ማነው 'ያሉን' ውስጥ የከተተው? እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ሲመጣ እኮ ድጋሚ ነው ተብሎ ይጣላል! ደንበኛው ፈልጉልኝ ያለውን ሁሉ ስንጥልለት ከረምን!"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ አሥራ አንዱ ፎቶ ትዝ አለኝ።

"የተጣለው ይቀመጣል?" አልኩት።

"ፎቶው አይቀመጥም። የነበረበት ገጽ አድራሻ፣ ቀኑና ከየትኛው ፊት ጋር እንደተመሳሰለ ግን ይመዘገባል። ምነው?"

የራሴን ዝርዝር ከፈትኩ። ከዓመት በላይ የተጠራቀመ ጥራጊ ነው፣ መጨረሻ የለውም። "ከወንድሜ ፎቶ ጋር ተመሳስለው የተጣሉ" ብዬ ለየሁት። ሦስት መስመር ቀረ።

የመጀመሪያውን ነካሁት፤ ገጹ ጠፍቷል። ሁለተኛው ተከፈተ። አንድ ወጣት ከብስክሌት አጠገብ ቆሟል፤ ወንድሜን ይመስላል፣ ግን አይደለም፣ ጆሮው የወጣ ነው። ማጣሪያውም ይሳሳታል ለካ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። እንዲያውም "አንቺ ደግሞ ሁሌ ለክፉ ነው የምትቸኩዪው" ብዬ ራሴን ተቆጣሁ። ሦስተኛውን የነካሁት በዚያ ልብ ነው።

የአንድ ሆስፒታል ማስታወቂያ ገጽ ነበር። አልጋ ላይ የተኛ ሰው። ግማሽ ራሱ በፋሻ ተጠምጥሟል፣ አንድ ዓይኑ አብጧል። ጠባሳው አለ። ጆሮው ልጥፍ ነው። ከሥሩ "ከሕንፃ ላይ ወድቆ የመጣ፣ መናገር የማይችል፤ የሚያውቁት ካሉ ያመልክቱ" ይላል። ቀኑ ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው።

ስልኩን ይዤ ደረጃው ላይ ወጣሁና ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ የማስታወቂያውን ቁጥር ስነግራት ብዙ አገላበጠች። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

"ምኑ ነሽ?" አለችኝ።

"እህቱ።"

"እህት ነበረችው?" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን እዚያ ላለ ሰው። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። አርባ አንድ ቀን ተኝቷል። አይናገርም፣ ግን ሰው ሲገባ ዓይኑን ወደ በሩ ያዞር ነበር። ቀኝ እጁን እንደ መጻፍ ያደርገዋል፤ በግራው ደግሞ ዓይኑን ይከልላል። ሊጽፍ የፈለገ መስሏቸው እስክሪብቶ ሰጡት፤ ይዞት ቆየ እንጂ አልጻፈም።

እሱ መቼ ሊጽፍ ነው። ሲበይድ ነበር።

"ማዘጋጃ ቤት ነው የቀበረው" አለች ሴትየዋ። "ያኔ ብትመጡ ኖሮ... እንግዲህ እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ።"

ማስታወቂያው የወጣው በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ጋ የደረሰው የወሩ መጨረሻ ነበር፣ በዘጠነኛው ቀን። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታል፣ ማንነቱ ያልታወቀ ብዬ ጻፍኩ፤ አገልግሎቱ የታዘዘውን አደረገ፣ ከዓለም ሁሉ ለቅሞ ወንድሜን አመጣልኝ። ማጣሪያዬ ደግሞ "ይሄማ አለን" ብሎ ጣለው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሁለት ቀን በሕይወት ነበር። በሠላሳ ሁለት ቀን በእግሬም እደርስ ነበር። አንድ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ እጁን እይዝ ነበር። በር በሩን ያየው እኔን ፍለጋ ከሆነስ?

ፕሮግራመሩ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አላስረዳሁሽም" እያለ ተከተለኝ። ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንብኛል። ፎቶዎቹን መርጬ የከተትኩ እኔ ነኝ። ዓይኔ አረፈ ብዬ ያመሰገንኩ እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ እማዬ ልብስ እያጠፈች ነበር። መሞቱን ልነግራት፣ ሌላውን ደብቄ ሆድ ይፍጀው ልል ነበር ያሰብኩት። መሞቱን ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታ እንደገና አጠፈችው። ከዚያ "እንዴት አገኘሽው?" ስትለኝ መዋሸት አቃተኝ። ማጣሪያውን፣ ፎልደሩን፣ አሥራ አንዱን ፎቶ፣ ሁሉንም አወራሁት። ግማሹ እንደማይገባት አውቃለሁ።

"እንግዲያው መጥቶ ነበር" አለች።

"አዎ፣ እማዬ።"

"አንቺ ዘንድ ደርሶ ነበር። በሕይወት እያለ።"

"አዎ።"

"ማን መለሰው?"

"እኔ ነኝ የመለስኩት።"

ልብሱን ሰብስባ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ነጠላዋን ለብሳ ነበር፤ በሩን ከፍታ ጎረቤት ጠራች።

ሰው በአንዴ ቤቱን ሞላው። ወንበር ከየቤቱ መጣ። አክስቴ እየተንሰቀሰቀች "ለመሆኑ ደህና አድርጋችሁ ፈልጋችሁት ነበር?" ብላ ጠየቀች፤ እሷ አፏን መሰብሰብ አታውቅም። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። አሁን እማዬ ትናገራለች፣ ትናገርና ልገላገል አልኩ።

"እህቱ ያልፈለገችበት የለም" አለች እማዬ፣ ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማት። "ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እስኪፈስ ፈልጋዋለች። ከሷ የቀረ ነገር የለም። ማንም ሰው በዚህ እንዳያነሳት።"

ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ ከንፈሩን መጠጠልኝ። አንዷ ጎረቤት መጥታ አቀፈችኝ፣ "አይዞሽ፣ የእህት ነገር" አለችኝ። በትከሻዋ ላይ አሻግሬ እማዬን አየኋት። ለሁሉም መለሰች፤ ለሁሉም ተነሥታ ተቀመጠች። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም።